ዕድርና የጋራ ክስ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው የጠየቁትን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። «ከላይ ካለው ማምረቻ የሚለቀቀው ውሃ ወንዛችንን አጥቁሮታል። ከብት አይጠጣውም። ድንኳን ጥለን ሐዘንተኛ ስናስተዛዝን ሽታው አላስቀምጥ ይለናል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ያለበት ዕድር ስለምን አይከስም?» አሉ። ከወዲያ በኩል ደግሞ አንድ አባት ብድግ ብለው «ዕድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር ነው እንጂ ሰው ለመክሰስ አይደለም» ሲሉ መለሱ። ጭብጨባው ለሁለቱም እኩል ነበር። ሰዓቱም በመምሸቱ ሰብሳቢው ነገሩ ተጠንቶ በሚቀጥለው ዓመት ይቅረብ ብለው ለእኛ ለሦስታችን አስረከቡን።

እነሆ ዓመቱ ደረሰ። እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። አንዳችን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው፣ አንዷ መምህርት ናት፣ አንዱ ደግሞ የእህል ነጋዴ ነው። ያደረግነውም አዋጆቹን ፈልገን ማንበብ፣ ክስ ያለባቸውንና የነበረባቸውን ሰዎች መጠየቅ፣ እንደኛ ያሉ ሰዎች በአንድነት ሲከሱ ምን እንደ ገጠማቸው ማጥናት ነው። ያገኘነውን እናቀርባለን፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ክስ ያለንን አስተሳሰብ እንመልከት። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ብለዋል። ይህንን የምንጠቅሰው ብዙ ጊዜ እጃችንን ለማጣጠፍ ነው። ነገር ግን እነዚሁ አባቶች «በሕግ አምላክ!» የተባለ እንደሆነ ዱላውን የሰነዘረ ሰው እንኳ ባለበት የሚቆምበት አገር ነበራቸው። በመንገድ የተገናኙ ሁለት ባላንጣዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። ርስት ሲከራከሩም አንድ ሰው ብቻውን አይቆምም። የአንድ አባት ልጆች፣ የልጅ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው አፉ የቀናውን፣ ነገር የሚያውቀውን መርጠው ወኪል ያደርጉታል፣ ስንቅ ያዋጡለታል፣ እርሱም የሁሉንም ስም ይዞ ይሟገታል። እንግዲህ በጋራ መክሰስ ከውጭ የመጣብን አዲስ ነገር ነው የሚሉት አልታያቸውም እንላለን። ያጣነው ልማዱን ነው።

የተጻፈውም ሕግ ይህንን ልማድ አልጣለውም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 38 ላይ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጉዳይ አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው እንደሆነ ከመካከላቸው አንድ ወይም ከአንድ የበለጡ ሰዎች ስለ ሁሉም ሆነው ሊከሱ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ሁሉም በዚያ ሰው ለመወከል መስማማታቸውን ግን ፍርድ ቤቱ ማረጋገጥ አለበት። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 37 ከዚህ ሰፋ አድርጎ፣ ማኅበር ስለ አባላቱ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ቡድን ወይም የቡድን አባል የሆነ ግለሰብ ፍትሕ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ፣ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የሰፈሩትን በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉ ሰብአዊ መብቶች ለማስከበር ጥቅም ያለው ወይም በቂ ምክንያት ያለው ሰው፣ የራሱንም ሆነ የሌላውን መብት ይዞ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ ሊያቀርብ ይችላል ብሏል። የሌላውን መብት ይዞ የሚለውን ልብ በሉልን። ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዕድር እንደ ዕድር ከሳሽ ሊሆን ይችላል ወይ ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ይጠባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርንና ዕቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። ይህም በአንድ በኩል ማንም እንዳይገባብን ነጻ ያወጣናል፣ በሌላ በኩል ግን ተከሳሹ ጠበቃ አቁሞ «ይህ ዕድር የሚሉት ማን ነው? በየትኛው ሕግ ሰውነት አገኘ?» ብሎ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊያነሣብን ይችላል። ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ስለ ወንዙ አንድ ቃል ሳይሰማ ስለ እኛ ማንነት ስንከራከር ዓመት ያልፋል። ስለዚህ የእኛ አስተያየት ከሳሾቹ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በስማቸው ይሁኑ፣ ወኪሎቻቸውን ይምረጡ፣ ዕድሩ ከኋላ ይቁም የሚል ነው። እንዴት እንደሚቆም በኋላ እናመጣዋለን።

ወንዙን በሚመለከት የሚያገለግለን ሕግ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ነው። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለባለ ሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በተሰጠው ውሳኔ አቤት ባዩ ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የ30 ቀኑ ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ካልተሻገረ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነውና ለማስላት አይቸግርም። በጥቅምት መባቻ ያስገባነው አቤቱታ ጥቅምት ሲያልቅ መልሱ ይጠበቃል፤ መልስ ከሌለ ኅዳርና ታኅሣሥ የእኛ ናቸው፤ ጥር ከገባ ግን አበቃ። ለዚህ ነው የማመልከቻው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይመታበት ከቢሮው መውጣት የለብንም የምንለው። «ይደርሳችኋል፣ ሂዱ» ቢባል አለመሄድ ነው። እኛ የምናውቀው መዝገብ ቤት ቃል አይመዘግብም፤ ወረቀት እንጂ።

ደግሞም የቆየው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ቁጥር 1225 ባለ ንብረት የሆነ ሰው ጎረቤቱን ማወክ እንደሌለበት፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና መነዋወጥ ማድረስ እንደማይገባው ይናገራል። ይህን ስናነብ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሰፈራችንን ያዩት መሰለን። ስለ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ግን ቁጥር 2143ን ይይ፤ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ ይታገዳል። ለሁለት ዓመት ያህል «እስቲ እንታገሥ፣ እስቲ ሽማግሌ እንላክ» ስንል የኖርን ሰዎች ይህንን ልናስብበት ይገባል። ሽማግሌ መላክ መልካም ነው፣ ይርጋውን ግን አያቆመውም።

ከሕጉ ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ ምክንያቱም አንድ ክስ በተለይ የእኛ የገፈርሳ ሰዎች ልናውቀው የሚገባን ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሯል። ከዚሁ ከገፈርሳና ከወጨጫ ወገን የሚነሣው ውሃ ነው ትንሹ አቃቂ ሆኖ በከተማይቱ ምዕራብ በኩል ወርዶ፣ ፋብሪካውንም ቆዳ ፋብሪካውንም የሰፈሩንም ቆሻሻ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገባው። ከላይ ሲነሣ የሚጠጣ ነው፣ ከታች ሲደርስ ግን ሰው ጫማውን አውልቆ የማይሻገረው ነው። በዚያ ውሃ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው ይለማል፤ ተመልሶም በገበያ በኩል ወደየቤታችን ይመጣል። ወንዙ ከኦሮሚያ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ እንደገና ወደ ኦሮሚያ ይገባል። ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ጠያቂው ይጠፋል የሚባለው በዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አፓፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል ክስ አቀረበ። የከሰሰው ግን ፋብሪካዎቹን አልነበረም። የከሰሰው ብክለቱን እንዲቆጣጠር በሕግ ግዴታ ተጥሎበት ሳለ ግዴታውን አልተወጣም ያለውን የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣን ነበር። ይህ አቀራረብ በአገራችን አዲስ ነበር ማለት ይቻላል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ወንዙ ተበክሏል ወይስ አልተበከለም ወደሚለው ፍሬ ነገር ሳይገባ ማለት ነው። በይግባኝም አልተሳካም።

ሕግ የሚያስተምሩና የሚጽፉ ሰዎች ይህን መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ ያነሡታል። አንዳንዶቹ ፍርድ ቤቱ ጠበብ አድርጎ ተረጎመው ይላሉ። እኛ ለዳኛ ማስተማር አንችልም፣ ነገር ግን ከዚህ መዝገብ ለራሳችን የሚጠቅም ነገር አግኝተንበታል። ይኸውም፣ አንደኛ ማንን እንደምንከስ መምረጥ ከክሱ ግማሽ ነው። ሁለተኛም ያ ክስ በአንድ የባለሙያ ማኅበር ስም የቀረበ ነበር፤ ጎመን የሚያለማው ገበሬ፣ ልብስ የምታጥበው እናት፣ ከብቱ የሞተበት ሰው በከሳሽነት አልቆሙም። ቢቆሙ ያሸንፉ ነበር ብለን ልንምል አንችልም። ሆኖም ጉዳት የደረሰበትን ሰው በዓይኑ ያየ ዳኛ «ይህ አቤት ባይ አይመለከተውም» ለማለት ይከብደዋል። ጠበቃው ማገልገል አለበት፤ ነገሩ ግን የባለ ነገሩ ነው።

ሁሉም ክስ ተሸንፎ አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ የምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫውን እንዳይታዘቡ የሚያግድ መመሪያ ባወጣ ጊዜ፣ ለማኅበራዊ ፍትሕ የቆመ አንድ ድርጅትና ሌሎች የአገር ውስጥ ማኅበራት ሆነው ቦርዱን ከሰሱት። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ቦርዱ ይግባኝ ቢልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናላቸው። የምርጫው ቀን ግንቦት 7 ነበር፣ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው ግን ጥቂት ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ታዛቢ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ማሰማራት ምን ያህል ይቻላል? ፍርዱ ፍርድ ነው፣ ነገር ግን ዘግይቶ የመጣ ዝናብ ሆነ።

ሌላው የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነገር ነው። ማኅበሩ በ1987 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመ ሲሆን የተጠለፉና የተደበደቡ ሴቶችን ጉዳይ እየያዘ ሲሟገት ኖሯል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ መንገድ ይሰጥ ነበር። አስቡት፤ ልጂቱ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ከዚያ ፈርሚ ትባላለች፤ ከፈረመች ጠላፊው ባል ይሆናል። በ1993 ዓ.ም. ግድም በኦሮሚያ ውስጥ እንዲህ የተጠለፈች አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ግን አልተወችም። ጠላፊው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተፈረደበት፣ በይግባኝ ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለው መንገድ ሲዘጋ ማኅበሩ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ሆኖ ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ወሰደው። ኮሚሽኑም ከብዙ ዓመታት በኋላ መንግሥት ልጂቱን ሳይጠብቃት ቀርቷል ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። በመካከሉ ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያችን የማምለጫ ቀዳዳ ዘግቷል፤ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ የተለወጠው በዚያች ልጅ መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሴቶች ጩኸት ነበረበት። ቢሆንም ጩኸቱ መዝገብ ስለ ነበረው ማንም «አልሰማሁም» ሊል አልቻለም።

ወደ ጎረቤት አገርም ጥቂት እንሻገር። በኬንያ የማው ደን ውስጥ የሚኖሩት የኦጊዬክ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ከደኑ በ30 ቀን ውጡ ተባሉ። ጉዳዩ አሩሻ ላይ ባለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2017 ተፈረደላቸው፤ በ2022 ደግሞ 157 ሚሊዮን 850 ሺ የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈላቸው፣ የመሬታቸውም ባለቤትነት እንዲታወቅላቸው ታዘዘ። እንግዲህ ከማስጠንቀቂያው እስከ ካሣው ትእዛዝ 13 ዓመት ነው፤ ትእዛዝና መፈጸም ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በናይጄሪያ የቦዶ ዓሣ አጥማጆች በ2008 ከሼል ኩባንያ የነዳጅ ቱቦ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ፈስሶ ወንዛቸውን ቢያጠፋባቸው፣ 15,600 ሰዎች ሆነው በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2015 ኩባንያው 55 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 20 ሚሊዮኑ ለማኅበረሰቡ የጋራ ነበር። ይህ ለእኛ ደስ ያሰኘን ነገር ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ በየኪሱ አልገባም።

ከራሳችንም ሰው አለ። ከጋምቤላ የተሰደደ አንድ የአኙዋ ገበሬ፣ ስሙ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተሸፍኖ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ርዳታ ከመሬቴ ካፈናቀለኝ የመንደር ምሥረታ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ለንደን ላይ ከሰሰ። በ2014 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እንዲታይ ፈቀደ። በ2015 መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ለዚያ ፕሮግራም የሚሰጠውን ገንዘብ አቆመ፤ ምክንያቴ ግን ክሱ አይደለም ብሏል። እንዲህ ነው፤ ተከሳሽ «ስለ ተከሰስኩ ተውኩት» ብሎ አያውቅም።

መራራውንም እንንገራችሁ። በደቡብ አፍሪካ አይሪን ግሩትቡም የምትባል ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና መጠለያ በማጣታቸው መንግሥትን ከሰሰች። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2000 ፈረደላቸው። ፍርዱ በዓለም ሁሉ ባሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። እርሷ ግን በ2008 ስትሞት ገና በቆርቆሮና በሳንቃ ጎጆ ውስጥ ነበረች። ይህን የምንነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ነገር ግን ክስ የገባ ሰው ሁሉ ቤት የሚያገኝ የሚመስለው አባል ካለ አሁኑኑ ይወቅ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ዕድር በዚህ ነገር ውስጥ ምን አለው? ገንዘብ ነው ብላችሁ ከሆነ የለውም፤ ገንዘቡ የሙት ነው። አንድ አባል በሞተ ማግስት ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ያን ቀን ዕድር አይኖርም። ስለዚህ እኛ ሦስታችን በአንድ ድምፅ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ከቀብሩ ሣጥን አንዲት ብር ለክስ አትወጣም የሚለው ነው።

ዕድር ያለው ሌላ ነገር ነው። መዝገብ አለው። የእኛ መዝገብ ማን በየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ልጅ ይዞ እንደሚኖር ወር በወር ይናገራል። ተከሳሹ «እነዚህ ሰዎች እኔ ከመጣሁ በኋላ የሰፈሩ ናቸው» ያለ እንደሆነ መልሱ ከገንዘብ ያዣችን ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የባልና ሚስትነት ክርክር ሲነሣ የዕድር ደብተር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ብዙዎቻችን አይተናል፤ ለመኖሪያም እንዲሁ ያገለግላል። ሁለተኛ ነገር፣ ዕድር ሰው ይጠራል። ጥሩምባ ሲነፋ የማይመጣ የለም። የቁጥር 38ቱ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ስምምነት፣ ማለት እያንዳንዱ ሰው «ወክዬዋለሁ» ብሎ መፈረሙ፣ ለሌላው የስድስት ወር ሥራ ነው፤ ለእኛ የሁለት እሑድ ነው። ሦስተኛ፣ ትዕግሥት አለው። ቀጠሮ የሚሰለች ሰው ክስ አይግባ። እኛ ግን ዓመት ሙሉ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል ድንኳን ተካይ ነን።

የሚከብዱትን ደግሞ ሳንደብቅ እንናገር። ከአባሎቻችን መካከል ልጆቻቸው እዚያው ማምረቻ ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ አሉ። ባለፈው ጉባኤ «ለመክሰስ አይደለም» ካሉት አባት ጋር ቁጭ ብለን ስንነጋገር ነገሩ ገባን፤ ሁለት ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያ ነው። ይህን ችላ ብሎ መክሰስ ዕድሩን ለሁለት መክፈል ነው። ስለዚህ የክሱ ጥያቄ «ይዘጋ» የሚል ሳይሆን ፍሳሹን ሳያጣራ እንዳይለቅ፣ ያበላሸውንም እንዲያጸዳ ይሁን እንላለን። አዋጁም ያበላሸ ሰው ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል የሚል መንፈስ ነው ያለው። ክሱን የሚያነብ ዳኛም «እነዚህ ሰዎች ሥራ ሊያጠፉ አልመጡም» ብሎ ይረዳዋል። አባትየውም እንዲህ ከሆነ አልቃወምም ብለዋል፣ ፊርማቸውን ግን ገና አልሰጡንም።

ሌላው ቋንቋ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ከተጠቃለሉ ወዲህ ቢሮዎቹ ተቀይረዋል፤ አንዳንዱን ፍለጋ እኛም ብዙ ተንከራተናል። በክልሉ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ በኦሮምኛ የሚጻፍ ነው። ስለዚህ ከወኪሎቹ ቢያንስ አንዱ ኦሮምኛ አሳምሮ የሚናገር ብቻ ሳይሆን አሳምሮ የሚጽፍ ይሁን። ወኪል ስንመርጥም በስብሰባ ላይ ድምፁ የሚጎላውን አንምረጥ። ቀጠሮ የማያስቀረውን፣ ወረቀት የማይጥለውን፣ ተጠርቶ ለብቻው ሻይ ሲጋበዝ ለሌሎቹ የሚናገረውን እንምረጥ። ይኸኛውን ማለት ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ስለ ማስረጃ አንድ ነገር እንጨምር። ከመካከላችን ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ ላቦራቶሪ ለመውሰድ የተነሣ አባል አለ፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ተከሳሹ «ከየት እንደ ቀዳችሁት ማን ያውቃል?» ይላል። ስለዚህ አቤቱታችን ላይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባለሙያ ልኮ፣ ተከሳሹም እኛም ባለንበት፣ ከማምረቻው በላይና ከማምረቻው በታች ናሙና እንዲወስድ እንጠይቅ። ከበላይ ያለው ንጹሕ ሆኖ ከበታች ያለው ቆሻሻ ከሆነ ወንዙ ራሱ መሰከረ ማለት ነው። እስከዚያው የእኛ ሥራ ቀን መጻፍ ነው። ውሃው መቼ ጠቆረ፣ መቼ አረፋ ደፈቀ፣ ሌሊት ነው ወይስ ቀን፣ የማን ከብት ታመመ፣ ማን ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰደ። «ሁልጊዜ ነው» የሚል ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይወድቃል፤ «የካቲት 12 ቀን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ» የሚል ምስክር ግን አይወድቅም።

ወጪውን በሚመለከት ሦስት በር አለ። ጠበቆች በዓመት የተወሰነ ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲያገለግሉ የሙያ ደንባቸው ያዝዛል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ የሕግ ርዳታ ማዕከላት አሏቸው። የዳኝነት መክፈል ያቃተው ከሳሽ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ እንደ ተጻፈው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ማውጣት የሚያሳፍረው ሰው ቢኖር እኛ አብረነው እንሄዳለን። ለቀረው ለትራንስፖርትና ለወረቀት የሚሆን መዋጮ ከቀብሩ ሣጥን ተለይቶ፣ በፈቃደኝነት፣ በሌላ ደረሰኝ ይሰብሰብ። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊትም አንድ ጠበቃ እነዚህ የጠቀስናቸው አዋጆች ከጊዜ ወደ ጊዜ የተሻሻሉ መሆን አለመሆናቸውን ይመልከትልን፤ ሕግ እንደ ገበያ ዋጋ ሳይነገር የሚለወጥበት ጊዜ አለና።

የውሳኔ ሐሳባችን ይህ ነው። ጉባኤው ዕድሩ መዝገቡን በማስረጃነት እንዲሰጥና አባላትን እንዲጠራ ይፍቀድ፤ የቀብሩ ገንዘብ እንዳይነካ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ፊርማ የሚሰበሰብበት መዝገብ ከዛሬ ጀምሮ በገንዘብ ያዣችን ዘንድ ይቀመጣል። መፈረም የሚፈልግ አባል በሚመጡት ሁለት እሑዶች ወርኃዊ መዋጮውን ሲከፍል መታወቂያውን ይዞ ይምጣ። የማይፈርም አባል አይጠየቅም፤ ስሙም አይጠራም። ሦስት ወኪሎችና አንድ ተጠባባቂ ከፈራሚዎቹ መካከል በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመረጣሉ። የሙስሊም አባሎቻችን ሰዓቱ እንዲመች ከሰዓት በኋላ ይሁን ብለው ስላሳሰቡ በስምንት ሰዓት እንዲሆን አድርገነዋል። አቤቱታው የሚገባበትን ቀንና የገቢ ቁጥሩን በዕድሩ ቤት በር ላይ እንለጥፋለን።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን።